ሻማ ይዛ የገባችው

ልዕልና ከበረንዳው መጽሐፏን ዘርግታ
የእንግሊዝን አገር ሽምብጥ ታወርዳለች ማታ።
ፈተና አለባት ፔዳ። ነገሩ ሲጠጥርባት
ለእኔ በአማርኛ ትፈታለች፤ ያን ጊዜ ነው የሚገባት።
እኔ ከቧንቧው ሥር ነኝ፣ በርጩማዬ ላይ፤
የቀረሶ ቅርፊት ክንዴ ላይ ተለጥፎ ሲታይ
የሙሽራ አምባር ነው፣ ከሩቅ ላየው ሰው።
ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ገጿን እየመለሰው
ያነበበችውን ደግማ ታነባለች።
«ኤጭ!» ትላለች።

ታሪኩ የጌቶች ነው። ሠላሳ መስኮት ያለው ቤት፣
አንዲት ኩሩ ልጅ፣ አንድ ኩሩ ሰው፣ የማያባራ ዝናብ፣ ርስት።
እሳት ዳር ተቀምጠው፣ ሳይነካኩ ይኮራረፋሉ፤
መዋደድ ማለት ይህ ነው አሉ።
ገጽ ዘጠና ሁለት ላይ በሩ ተከፈተ። አንዲት ሴት
ሻማ ይዛ ገባች፣ አስቀመጠች፣ ወጣች ወደ መጣችበት።

ቢላዬን አቆምሁ። «ማን ናት?» አልኋት።
«ማን?»
«ሻማ ያመጣችው።»
ልዕልና ገጹን መልሳ በጣቷ መስመሩን ፈተሸችው።
«ሠራተኛ ናት።»
«ስሟስ?»
«እንጃ» አለች፤ ልቧ ኩሩዎቹ ዘንድ ነው፣ እንዴት ይመለስ።

እኔ ግን ሻማው ጋ ቀረሁ።
ዓሣውን እየዘለዘልሁ ቆጠርሁ፦
መቶ አርባ ላይ ጫማ ወለወለች። ሁለት መቶ ሦስት ላይ
«እንግዳ መጥቷል» አለች፤ ሁለት ቃል፣ ፊቷን ሳናይ።
ከዚያ በኋላ የለችም። ሠርጉ ሲሠረግ እንኳ የለችም፤
ድግሱ ግን ተደግሷል፣ መቼም በራሱ አልተደገሰም።

«ደብዳቤውን ማን አደረሰ?» እላለሁ። «የልጅቷን ትራስ ያጠበች
ከጌታው በፊት እንባዋን አነበበች።
ደግሞስ አንድ እጇ ሻማ፣ አንድ እጇ የነፋስ መከለያ፣
ሰሙ ጣቷን አላቃጠላትም፣ ደረጃው እስኪያልቅ፣ እስከዚያ?»
ልዕልና ሳቀች። «አንጓች፣ አንቺ ደግሞ!» ብላ።
ብዕሯን ስታነሣ ግን አየኋት፣ በመጽሐፉ ተከልላ።

ሌሊት፣ ጉማሬው ከደንገሉ ወጥቶ ሲያጉረመርም፣
ስም ሰጠኋት፦ እማዋይሽ። ሰው ያለ ስም አያድርም።
አገሯን ደቅ አደረግሁ፣ ለእኛ ቤት ጎረቤት፤ በጀልባ መጣች፣
ማዕበሉ አጥወልውሏት ጌቶቿ ቤት ገርጥታ ገባች።
እናቷ ጀልባው በተመለሰ ቁጥር ወደቡ ድረስ ትወርዳለች፤
ጨው ይወርዳል፣ ሳሙና ይወርዳል፤ ተመልሳ ትወጣለች።

ውጤት ወጣ። ልዕልና ከሁሉ በላይ አገኘች።
ስለ ሻማ ያዥዋ ጽፋ መምህሩን አስደነቀች።
«ማንም ያላያትን አየሽ» ብሏታል አሉ።
ጋሽ ምናለ ሙክት አረዱ፤ ዘመድ አዝማድ መጥተው ይበላሉ።
ልዕልና መሃል ቆማ፣ «እንዴት መጣልሽ?» ሲሏት፣
«እንዲሁ፣ ሳነብ…» ስትል መብራት ሄደ፤ ሽምብጥን እንዳለ ጨለማ ዋጣት።

«አንጓች!» አለ አንድ ድምፅ። ከዚያ ሁሉም።

ሻማ ይዤ ገባሁ።
አንድ እጄን ነፋሱ ላይ ዘረጋሁ።
ፊቶች በሩልኝ፤ የልዕልና አፍ ግማሽ ተከፍቶ ነበር።
አስቀመጥሁ። ወጣሁ። ከኋላዬ ተዘጋ በር።

ጓሮው ጨልሟል፤ ሐይቁ ይተነፍሳል፣ አይታይም።
ጣቴ ላይ ሰሙ ረግቷል፤ ወርቁ እኔ ጋ የለም።
እንዴት እንደሚያቃጥል ግን አሁን አወቅሁ።
ለልዕልና አልነገርሁም። ለእማዋይሽ ነገርሁ።